የችቦ ብርሃን ለማን ነው?

ብርሃን ሁለት ጠባይ አለው፤ አንደኛው ራሱ መታየት ሲሆን ሁለተኛው ሌላውን ማሳየት ነው። ሕዝቦች ለብርሃን በዓል ሲያደርጉ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያከብሩ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በቻይና፣ በጨረቃ አቆጣጠር የመጀመሪያው ወር በገባ በ15ኛው ሌሊት፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ሕዝቡ በየአደባባዩ የተሰቀሉትን ባለ ኅብረ ቀለም ፋኖሶች ለማየት ይወጣል። ሁለት ሺሕ ዓመት ያህል የቆየው ይህ ልማድ ዓይንን ያስደስታል፤ ሰውንም ከሰው ያገናኛል። ሆኖም ተመልካቹ ቀና የሚለው ወደ ፋኖሱ ነው።

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባለው የጎጃም ደጋ የቡሄ ችቦ የሚበራው በክረምቱ እኩሌታ፣ በነሐሴ ወር ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በዚህ አገር ሌሊቱ ብርድ፣ መንገዱም ጭቃ ነው። እንደ ትውፊቱ፣ በደብረ ታቦር ብርሃነ መለኮት በተገለጠ ጊዜ አካባቢው እንደ ቀን ስለ በራ እረኞች መምሸቱን ሳያውቁ በመስክ ቀሩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ። ነሐሴ 13 ቀን በሚከበረው በዓል ዋዜማ የሚለኮሰው ችቦና ለልጆች የሚታደለው ሙልሙል ይህንኑ ያስታውሳሉ።

እንግዲህ ነገሩ የሚመረመረው እዚህ ላይ ነው። ታላቁ ብርሃን እረኞቹን ጊዜ አስረሳቸው፤ ወደ ቤት የመለሳቸው ግን በእናትና በአባት እጅ የተያዘው ትንሹ ብርሃን ነው። ችቦ እንደ ፋኖስ ተሰቅሎ አይቆይም፤ ነዶ እጅ ከመድረሱ በፊት ፈላጊው የሚፈልገውን ማግኘት አለበት።

«ዛሬ እረኛው በጊዜ ይገባል፤ የከተማውንም መንገድ የኤሌክትሪክ መብራት ያሳያል። ታዲያ ማንም ባልጠፋበት ሌሊት፣ ማገዶ ርቆ ኩበት በሚነድበት አገር፣ ጭራሮ አስሮ ማቃጠል ብክነት አይደለምን?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ መልሱ ግን በማገዶው ብዛት አይለካም። በየመንደሩ የመሸበት ሰው አለ፤ ልጆቹ ርቀው የሄዱበት ሽማግሌ፣ ደጇ የማይንኳኳ መበለት፣ ከትምህርት ገበታ የቀረ እረኛ። ሆያ ሆዬ ባዮቹ ገንዘብ ያለበትን ደጅ ብቻ መርጠው እነዚህን ካለፉ፣ ችቦው በእርግጥም የባከነ እንጨት ነው። በእነርሱ ደጅ ከቆሙ ግን፣ ችቦው ዛሬም መጀመሪያ የወጣበትን ሥራ ይሠራል።