ሸሽቶ የወጣ ሰው ብርሃን ይሆናልን?

ባለፈው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ አንድ ወጣት ያነሣው ጥያቄ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። «ክርስቲያን ለዓለም ብርሃን ነው ትላላችሁ፤ እኛ ግን ጨለማው ሲመጣ ሸሽተን የወጣን ሰዎች ነን። ታዲያ የምን ብርሃን አለን?» አለ። ሁላችንም ዝም አልን። ዝም ያልነው መልስ ጠፍቶን ብቻ አይመስለኝም፤ ብዙዎቻችን ሌሊት ሌሊት ይህንኑ ራሳችንን ስለምንጠይቅ ነው።

ወጣቱን ያናገረው የቄስ ጉዲና ቱምሳ ታሪክ ነበር። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት እኚህ ሰው ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተከፍቶላቸው ሳለ ምእመናኑን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ማታ ተይዘው ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጸሐይ ቶሎሳም ያለ ፍርድ ዐሥር ዓመት ያህል ታስረዋል።

ይህን ሰምቶ ራሱን ከእሳቸው ጋር የሚያስተያይ ስደተኛ ማፈሩ አይቀርም። እኔም አፍሬአለሁ። ነገር ግን ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል በፈለገ ጊዜ ዮሴፍ እናቱንና ልጁን ይዞ በሌሊት ወደ ግብጽ ወርዷል፤ ሽሽቱንም ያዘዘው መልአክ ነው። እንግዲህ መሸሽ በራሱ ጨለማ አይደለም፤ መቅረትም በራሱ ብርሃን አይደለም። ቄስ ጉዲና የቀሩት ጀግና ለመባል አልነበረም። አደራ የተቀበሉላቸው ሰዎች ነበሩ።

አደራ ደግሞ ድንበር ሲሻገሩ የሚራገፍ ጓዝ አይደለም። እዚህ ያለ አባት የቀረ ልጅ አለ፤ ራሽኑን ተሸክሞ መመለስ ያቃተው ሽማግሌ አለ።

አንድ ችግር ግን አለ። ያው የተራራው ስብከት መልካም ሥራችሁ ለሰው ይብራ እያለ፣ ምጽዋታችሁን ደብቁ ይላል። እንዴት ሁለቱ ይስማማሉ? በኩራዝ ያደግን ሰዎች መልሱን የምናውቀው ይመስለኛል። ማታ ኩራዝ ሲበራ የምናየው ገበታውንና የእናታችንን ፊት ነው እንጂ ኩራዙን አይደለም። ኩራዙ ላይ ዓይኑን የተከለ ልጅ ዞር ሲል ምንም አይታየውም። አንዳንዶቻችን (ራሴንም ጨምሬ ነው) ለአንድ ስኒ ዱቄት ያህል ረድተን ለሳምንት ስናወራ፣ ሰዉን ወደ ኩራዙ እንዲያፈጥ እናደርገዋለን። በውሃ ተራ ላይ ለነፍሰ ጡሮች ቦታዋን የምትለቀው ጎረቤታችን ግን ሙስሊም ናት፤ አንድ ቀን እንኳ ስታወራው አልሰማሁም። ይህንን ሳስብ ብርሃን ነን ለማለት አፌ ይይዘኛል።

ወጣቱን ትናንት አየሁት። ሦስት እናቶች ከብበውት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀታቸውን ይተረጉምላቸዋል። ስለ ጥያቄው ላነሣበት ብዬ ተጠጋሁ። የሦስተኛዋ ወረቀት ረጅም ነበርና ትቼው ሄድሁ።