«የገዛ ቤቴ አይደል?»

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ከተማችን ሐዋሳ የተከራይ ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲው ተማሪና መምህር ያመጣል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ ከየገጠሩ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶችን ስቦ በየጓሮው በተደረደሩ ሰርቪስ ቤቶች አሳድሯል። ግቢ ያለው ሙስሊም ብዙውን ጊዜ አከራይ ነው፤ የሌለው ተከራይ ነው። ስለዚህ የቤት ኪራይ ነገር የገበያ ወሬ ብቻ አይደለም፤ በቂያማ ቀን የምንጠየቅበት የዲን ጉዳይ ነው።

ደጋግሜ የምሰማው ስሞታ አለ። ተከራይዋ «ሐጂ፣ ደመወዝ እስኪወጣ ይታገሱኝ» ትላለች። ማታ ከሥራ ስትመለስ ግን በሩ ላይ ሌላ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ፣ ወይም ፍራሿና ድስቷ ደጅ ላይ ተቆልሎ ታገኛለች። ኪራዩ ሳይዘገይም ቢሆን ሰው በሌለበት በትርፍ ቁልፍ ከፍቶ የሚገባ አከራይ አለ። ለምን ሲባል መልሱ አንድ ነው፦ «የገዛ ቤቴ አይደል?» ይህ መልስ በሕግም በሸሪዓም ሚዛን ሲቀመጥ ምን ያህል ይከብዳል? ዛሬ የምመረምረው ይህን ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባለቤትነትንና ይዞታን ለይቶ ያያቸዋል። በአንቀጽ 1140 መሠረት ይዞታ ማለት አንድ ሰው ነገሩን በእጁ አድርጎ በእርግጥ ሲያዝበት ነው። ቤቱን ያከራየ ሰው ባለቤትነቱ አብሮት ይቀራል፤ ቤቱን በእጁ አድርጎ የሚያዝበት ግን በኪራዩ ዘመን ተከራዩ ነው። የፊቅህ ሊቃውንትም ዐይንና መንፈዓ ብለው ይለያሉ። ዐይን ግድግዳውና ጣሪያው ነው፤ መንፈዓ በውስጡ የመኖሩ ጥቅም ነው። ኢጃራ ማለት ይህን ጥቅም ለታወቀ ጊዜ በታወቀ ዋጋ መሸጥ ነው። እንግዲህ አከራዩ የወሩን መኖሪያነት ሸጧል። የሸጠውን ነገር ደግሞ «የኔ ነው» ሊል አይችልም።

ውሉ ሲፈርስስ? የእንግሊዝ ሕግ አከራዩ ቤቱን መልሶ የሚይዝበትን መብት «ዳግም መግባት» ይለዋል። በውሉ ላይ ተጽፎ ተከራዩ ግዴታውን ሲያጓድል የሚነሣ መብት ነው። ይሁንና በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣ ሕግ፣ ሰው በሕጋዊ መንገድ በሚኖርበት ቤት ላይ ይህ መብት ያለ ፍርድ ቤት ሊፈጸም አይችልም። የእኛም ሕግ ከዚህ አይርቅም። በአንቀጽ 1149 መሠረት ይዞታውን የተነጠቀ ሰው በ2 ዓመት ውስጥ ከሶ እንዲመለስለት ሊጠይቅ ይችላል። ነጣቂው ለሥራው መብት እንዳለው ወዲያውኑና በማያጠራጥር ማስረጃ ካላሳየ በስተቀር ዳኛው ይዞታውን ያስመልሳል። ስለዚህ ውል የማፍረስ መብት አንድ ነገር ነው፤ በገዛ ጉልበት በር መዝጋት ሌላ ነገር ነው።

ከሰው ሕግ በፊት ግን የአላህ (ሱ.ወ) ቃል አለ። በሱረቱ አን-ኑር ከ27ኛው አንቀጽ ጀምሮ ምእመናን የራሳቸው ወዳልሆነ ቤት ሳያስፈቅዱና ለነዋሪዎቹ ሰላምታ ሳያቀርቡ እንዳይገቡ ታዘዋል። ልብ በሉ፤ ሰላምታው የሚቀርበው በውስጡ ለሚኖሩት ነው፤ የካርታው ባለቤት ማን እንደሆነ አልተጠየቀም። በ28ኛው አንቀጽ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ሰው ባይኖር እንኳ ፈቃድ እስኪገኝ መግባት ተከልክሏል፤ ተመለሱ ከተባለም መመለስ ግድ ነው። ለባለ ትርፍ ቁልፉ ከዚህ የበለጠ ምን ግልጽ ትእዛዝ ይምጣለት? ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የፈቃድ መጠየቅ ሕግ የመጣው ዓይንን ከሰው ገመና ለመጠበቅ መሆኑን አስተምረዋል።

ዕቃዋን ስለ ዕዳ ይዞ ማስቀረትስ? ሪህን ይሆን ዘንድ ባለቤቷ ተስማምታ ያስያዘችው መሆን አለበት። ያለ ፈቃድና ያለ ዳኛ የተወሰደ ገንዘብ በፊቅህ ስሙ ገስብ ነው። ተከራይዋ ክርስቲያን ብትሆን ነገሩ ይለወጣል የሚል ካለም ተሳስቷል። በሱረቱ አል-ማኢዳህ መጀመሪያ ውልን ሙሉ ያለን ጌታ የተዋዋይን ሃይማኖት እየለየን እንድንሞላ አላለንም።

ይህን ስል ለተከራይም ጥብቅና መቆሜ አይደለም። ገንዘብ እያለው ኪራይ የሚያዘገይ፣ አከራዩን ሲያይ በጓሮ የሚሸሽ ሰው በቡኻሪና በሙስሊም በተላለፈው ሐዲስ መሠረት በደለኛ ነው። የአንዲት ባሏ የሞተባት እናት ኑሮ በዚያች ኪራይ ላይ የቆመ ሊሆን ይችላል። በእውነት የቸገረው ግን በሱረቱ አል-በቀራህ 280ኛ አንቀጽ መሠረት እስኪቀናው ጊዜ ይሰጠዋል፤ ዕዳውን መማር ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ውሉ ይጻፍ፤ ምስክርም ይቁም። በዚያው ሱራ 282ኛ አንቀጽ ዕዳን ጻፉ ተብለናል። የ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320ም ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ሁለተኛ፣ ኪራይ ሲዘገይ ምን እንደሚሆን፣ ስንት ቀን እንደሚጠበቅ ከመነሻው ይነጋገሩበት። ሦስተኛ፣ ጠብ ሲነሣ ሽማግሌ ይግባ፤ እምቢ ካለ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይኬድ። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን ሥልጣን እንደ ጋብቻ፣ ውርስና ወቅፍ ባሉ ጉዳዮች ላይ ነውና የኪራይ ክርክር ወደዚያ አይሄድም።

ፍርድ ቤት ይጓተታል፣ ኪሳራ አለው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን የስንዝር መሬት ግፍ በቂያማ ቀን እስከ ሰባት ምድር በአንገት እንደሚጠለቅ የሰማ ሰው፣ የአንዲት ምስኪን በር ላይ የሰቀለውን ጓጉንቸር ቀላል አድርጎ ማየት የለበትም። በጀመዓ ሰላት ፊተኛው ሰፍ ላይ የምንቆም አከራዮች ወደ ቤታችን ስንመለስ በሰርቪሱ በር ላይ አንኳኩተን፣ ሰላም ብለን፣ መልስ ጠብቀን እንቁም። ያቺ በር በእጃችን ያለች አማና ናት።

አላህ ሐቅን አውቀው ከሚሠሩበት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።