ዋጋ የተከፈለበት ማዕድ

ሰው ወደ አንድ ምግብ ቤት ገብቶ፥ በልቶ፥ ሒሳቡን ከፍሎ ሲወጣ፥ በዚያ ማዕድ ላይ የነበረበት ግዴታ ሁሉ አለቀ ማለት ነውን? ወይስ ገንዘብ ሊከፍለው የማይችል ሌላ ዕዳ ይቀርበታል? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ቤተ ሰቡን ትቶ በሥራና በትምህርት ምክንያት በየከተማው የሚኖር፥ ምሳውንና ራቱንም በአነስተኛ ዋጋ ከሚሸጥበት ቤት የሚበላ ሰው እጅግ ብዙ ስለ ሆነ፥ ለመምህሩም፥ ለጸሓፊውም፥ ለተማሪውም የቀረበ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ጥቂት ልናስብበት ወደድን።

በጐጃም ደጋ፥ ከጮቄ ተራራ ግርጌ እስከ ዐባይ በረሓ አፋፍ ድረስ፥ የመሸበት መንገደኛ ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ታሳድራላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ «ቤት የእግዜር ነው» የሚል መልስ ማግኘቱ የቈየ ልማድ ነው። እግሩ ይታጠባል፤ በቤት ያለው ይቀርብለታል፤ በቃኝ ባለ ጊዜም «በሞቴ» እየተባለ ይጐርሳል። ለዚህ ዋጋ መጠየቅ ቀርቶ ማሰቡም ነውር ነበረ። የአብርሃምን ቤት አርአያ አድርጎ ያደገ ሕዝብ፥ እንጀራ የሚካፈሉት እንጂ የሚሸጡት ነገር አይደለም ቢል የሚያስደንቅ አይሆንም። እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ ሆቴል ባቋቋሙ ጊዜ፥ ሰው በገንዘብ ገዝቶ መብላትን አፍሮ ስለ ነበረ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው፥ በልተውና ዋጋ ከፍለው አለማመዱት እየተባለ እስከ ዛሬ ይተረካል።

ሆኖም ከተማ እየሰፋ ሲሄድ የእንግዳው ዐይነት ይለወጣል። ቀድሞ መንቆረር ይባል የነበረውን ደብረ ማርቆስን እንመልከት። መሥሪያ ቤቱ፥ ፍርድ ቤቱ፥ ሆስፒታሉ፥ የአውቶቡስ መናኸሪያው፥ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የተቋቋመውም ዩኒቨርሲቲ፥ እያንዳንዳቸው በከተማው ውስጥ ምድጃ የሌለውን ሰው ይጠራሉ። ከሩቅ አገር የተመደበው መምህር፥ ነገሩ የተቀጠረበት ባላገር፥ ሕመምተኛውን ይዞ የመጣው አስታማሚ፥ ወንበርና ጠረጴዛ ተሸክሞ የሚውለው የቀን ሠራተኛ፥ እነዚህ ሁሉ ለአንድ ሌሊት የመጡ እንግዶች አይደሉም። አበው እንግዳን በመጀመሪያው ቀን በወርቅ፥ በሁለተኛው በብር፥ በሦስተኛው በብረት የመሰሉት፥ የሰው ቸርነት ወሰን እንዳለው ስለሚያውቁ ነው። ስለዚህ ምግብ ቤትን የወለደው የሰው ንፉግነት ሳይሆን የእንግዳው ብዛት ነው።

ከዚህም በላይ፥ ገንዘብ ለድኻው ያመጣለትን አንድ ትልቅ ነገር መካድ አይገባንም፤ ይኸውም ቀና ብሎ መብላት ነው። ዋሸራንና ዲማን በመሳሰሉ የጐጃም የቅኔ ጉባኤ ቤቶች የተማረው የቆሎ ተማሪ፥ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ በበትሩ ውሻ እየተከላከለ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በለመነው ቍራሽ ዕውቀትን ገብይቶአል። ያ ቍራሽ አገርን ያስተማረ ስለ ሆነ ክብር ይገባዋል። ነገር ግን የምትቀበል እጅ የቍራሹን ክብደት ታውቀዋለች። በነገሥታቱና በመኳንንቱ ግብርም ቢሆን ሰው የሚቀመጠው በማዕርጉ ነበረ፤ ፊተኛው ከበላ በኋላ ኋለኛው ይገባል። በዛሬው አነስተኛ ምግብ ቤት ግን ሹሙና ተሸካሚው በአንድ አግዳሚ ወንበር ጐን ለጐን ተቀምጠው፥ ረቡዕና ዓርብ ያንኑ በያይነቱ፥ በሌላውም ቀን ያንኑ ሽሮ ይበላሉ። ከፋዩ ማንንም አይለማመጥም። ይህ እኩልነት በብዙ ትምህርት የማይገኝ ሲሆን እነሆ በጥቂት ብር ተገኘ።

እንግዲህ ዋጋው ከተከፈለ ሌላ ምን ቀረ የሚል ሰው ይኖራል። አዳም ስሚዝ የተባለው የስኮትላንድ ፈላስፋ በ1776 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ራታችንን የምናገኘው ከነጋዴዎቹ ቸርነት ሳይሆን ሁሉም የየራሱን ጥቅም በመመልከቱ ነው ብሎ አስረድቶአል። እውነት ነው፤ ባለ ምግብ ቤቷ ከሌሊት ጀምራ እሳት የምታነደው ልጆቿን ለማሳደግ ነው እንጂ እኛን ለመጽደቂያዋ አይደለም። ነገር ግን ጥቅም ብቻ የማይፈታው ነገር አለ። በጓዳ ያለው ድስት ንጹሕ መሆኑን በላተኛው አያይም፤ አምኖ ይጐርሳል። ደመወዙ ያለቀበት ሠራተኛ፥ ከቤቱ ገንዘብ የዘገየበት ተማሪ፥ በዱቤ ብላ ሲባል ደግሞ በተራዋ የምታምነው እርሷ ናት። ዱቤ የሚጻፍበት ያ የቈሸሸ ደብተር፥ በሻጭና በገዢ መካከል ከዋጋ የበለጠ ነገር እንዳለ ምስክር ነው።

ይህ ከሆነ የበላተኛውስ ጠባይ እንዴት ነው? በመሥሪያ ቤቱ ለታላላቆቹ «እርስዎ» ማለትን የሚያውቅ ሰው፥ በምግብ ቤት ውስጥ የእናቱ እኩያ የሆነችውን ሴት «አንቺ» እያለ፥ እጁንም እያጨበጨበ ሲያዝዛት ይታያል። የከፈለው ዋጋ የእንጀራውና የወጡ እንጂ የሰውነቷ ዋጋ አለመሆኑን ዘንግቶአል። በአባቱ ቤት ሆኖ ማዕድ ያቀረበችለትን ሴት «እጅሽ ይባረክ» ብሎ የሚመርቅ አንደበት፥ ገንዘብ ስለ ሰጠ ምርቃቱን ማስቀረቱ፥ ገንዘቡን ያልሆነውን አደረገው ማለት ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ከደጅ የሚቆመው ሰው ነገር ነው። ዋጋ የሌለው ልጅ ወይም ሽማግሌ በበሩ ቆሞ የሚበሉትን ይመለከታል። በባላገሩ ቤት ቢሆን ኖሮ ግዴታው የማን እንደ ሆነ ግልጥ ነበረ፤ የቤቱ ጌታ ነው። በምግብ ቤት ግን በላተኛው «ቤቱ የእኔ አይደለም» ይላል፤ ባለቤቲቱ ደግሞ «ማዕዱ ተሽጧል፤ የእኔ አይደለም» ትላለች። እንዲህ ሆኖ ግዴታው ለሁለት ሲከፈል ለማንም ሳይደርስ ይቀራል፤ የተራበውም በሁለት ንጹሓን ሰዎች መካከል እንደ ተራበ ይሄዳል።

በእኛ አስተያየት የዚህ ቋጠሮ መፍቻ ከዚያው ከዋጋው ውስጥ ይገኛል። ዋጋ የከፈለ ሰው የማዕዱ ባለቤት ሆኖአል። ባለቤት ከሆነ ደግሞ፥ የቤት ጌታ በእንግዳው ፊት የነበረበት ዕዳ ወደ እርሱ ተላልፎአል። ገንዘብ ከእንግዳ ተቀባይነት ነጻ አላወጣንም፤ ከእንግድነት አንሥቶ አስተናጋጅ አደረገን እንጂ። ልማዳችንም ይህን ሳያውቀው የጠበቀው ይመስላል፤ ምንም የማይተዋወቁ ሰዎች በምግብ ቤት ሲገናኙ የሚበላው ለሚገባው «እንብላ» ማለቱ፥ የገዛው ማዕድ የእርሱ ስለ ሆነ መጋበዝ እንዳለበት ማመኑ ነው።

ነገር ግን እንዲህ ካልን፥ ቀደም ብለን ያመሰገንነውን ቀና ብሎ መብላት መልሰን እናጠፋዋለን ወይ? ድኻውን እንደ ገና በደጅ አቁመን ትራፊ ብንዘረጋለት በእርግጥ እናጠፋዋለን። ስለዚህ መንገዱ ሌላ ነው። የሚችል ሰው በሚሄድበት ጊዜ የአንድ ሰው ምሳ ዋጋ ለባለቤቲቱ ቢተውላት፥ እርሷም የተቸገረውን ጠርታ በአግዳሚው ወንበር እንደ ማንኛውም ሰው ብታስቀምጠው፥ ያ ሰው የበላው የተከፈለበትን ምግብ ነው፤ ማን እንደ ከፈለለትም አያውቅም፤ የሚያጐነብስለትም ፊት የለም። የድሮው ቤት ቸርነትና የአዲሱ ቤት እኩልነት በዚህ ይገናኛሉ።

ደመወዜ አነስተኛ ነው፥ ተማሪ ነኝ የሚለው ወንድማችን ይህን በየቀኑ አድርግ አይባልም። ይህን ማድረግ በማይችልበት ቀን ለአጠገቡ ሰው «እንብላ» ማለት፥ ላቀረበችለትም «እትዬ፥ እጅዎ ይባረክ» ማለት ይቀረዋል። ለእነዚህ ሁለቱ ዋጋ አልወጣላቸውም፤ ስለዚህ የለኝም ብሎ የሚቀርባቸው ሰው አይኖርም።