አንድ ዓሣ ምን ያጎድላል?

ባለፈው የዐቢይ ጾም ሰሞን ለአጭር ዕረፍት ሐዋሳ፣ ቤተሰቦቼ ዘንድ ሄጄ ነበር። አጎቴ ዓሣ አስጋሪ ናቸው። ማታ የጣሉትን መረብ ለማንሳት ገና ጎህ ሲቀድ ሊወጡ ሲሉ «መጽሐፍ ብቻ ከምታገላብጥ ና እጅህን አርጥብ» ብለው ቀሰቀሱኝና አብሬያቸው ጀልባ ላይ ወጣሁ። መረቡ ሲሳብ መጀመሪያ የወጣችው አንዲት ቆሮሶ ነበረች። አጎቴ ከመረቡ ሲያላቅቋት ከአፏ ውስጥ ከማሽላ ፍሬ ያነሰ ቢጫ ቢጫ እንቁላል በጀልባው ወለል ላይ ፈሰሰ።

«ጋሼ፣ ይቺን እንመልሳት» አልኳቸው።

ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «እኔ ብመልሳት ያ ማዶ ያለው ይመልሳታል? ደግሞስ አንድ ዓሣ ምን ያጎድላል?» አሉኝ። ትንሽ ቆዩና፣ እጃቸው ከሥራው ሳይቦዝን፣ «ለመሆኑ ያ ሁሉ ደብተርህ፣ ያ የትምህርት ቤት ጫማህ በምን የተገዛ ይመስልሃል?» ሲሉ ጨመሩበት።

ምን ልበል! ዝም አልኩ። ዓሣዋ ከሌሎቹ ጋር ተከመረች። እንቁላሎቹ በጀልባው ውስጥ ካቆረው ውሃ ጋር ተጨልፈው ወደ ሐይቁ ተደፉ፤ ያለ እናት አፍ ግን የሌላ ዓሣ ቁርስ ከመሆን አያልፉም። ማታ ቤት ውስጥ የቀረበውን የዓሣ ወጥ እኔም ከሌላው ሰው ሳላንስ በላሁ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ያቺ ጥያቄ አልለቀቀችኝም። ክፍል ውስጥ ስለ በጎና ክፉ፣ ስለ ግዴታና ነፃነት ስንከራከር የምንጠቅሰው ምሳሌ አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ የመጣ ነው። የአጎቴ ጥያቄ ግን ከጀልባ ላይ የተነሣ ቢሆንም፣ እንደ እኔ እምነት ከሥነ ምግባር ከባድ ጥያቄዎች አንዱ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አቅሜ በፈቀደ መጠን ልሞግታቸው እሞክራለሁ። ፊት ለፊት ስላልቻልኩ በወረቀት መሆኑ ነው!

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥቁር ውሃ የተባለው ወንዝ ይገባበታል፤ በገሃድ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። እንግዲህ እንደ ተዘጋ ጎተራ ነው ማለት ይቻላል፤ ከውስጡ ያለቀውን ዓሣ ከሌላ ውሃ መጥቶ የሚተካለት የለም። አስጋሪው በዋናነት የሚኖረው በቆሮሶ ነው። የቆሮሶ ነገር ደግሞ ይገርማል። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ መሬቱን ጎድጎድ አድርጎ ጎጆ ይሠራል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ከጣለች በኋላ መልሳ በአፏ ትሰበስበዋለች። እስኪፈለፈልና ልጆቹ ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ በአፏ ይዛቸው ትቆያለች፤ በዚህ ጊዜ እንደ ልቧ አትበላም። ልጆቹ መዋኘት ከጀመሩ በኋላ እንኳ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይሸሸጋሉ። ስለዚህ በዚያ ወቅት አንዲት ቆሮሶ ተያዘች ማለት አንድ ዓሣ ተያዘ ማለት አይደለም። «አንድ» የሚለው ቁጥር ራሱ እዚህ ላይ ይዋሻል።

የመረቡም ነገር እንዲሁ ነው። በመረቡ ክሮች መካከል ያለው ቀዳዳ «ዓይን» ይባላል። ዓይኑ ሰፊ ሲሆን ትንሹ ዓሣ ሾልኮ ያልፋል፤ አድጎ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተራብቶ፣ ኋላ ይያዛል። ዓይኑ ሲጠብ ግን ዘር ሳይተካ ይያዛል። ትልልቁ ዓሣ ሲመናመን አስጋሪው የዕለት ገቢውን ለመሙላት ዓይኑ የጠበበ መረብ ይገዛል፤ ዓይኑ በጠበበ ቁጥር ትልልቁ ይበልጥ ይመናመናል። አዙሪት ነው። የአጎቴም መረብ ከዓመት ዓመት ዓይኑ እየጠበበ መሄዱን እኔ ራሴ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄያቸው ልመለስ። ልብ ብላችሁ ከሰማችሁት ጥያቄው አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። አንደኛው «አንድ ዓሣ ምን ያጎድላል?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ያ ማዶ ያለው ይመልሳታል?» የሚል ነው። ሁለቱ አብረው ስለሚነገሩ አንድ ይመስላሉ እንጂ ፈጽሞ አንድ አይደሉም።

አንደኛውን እንየው። ከአንድ ጎተራ ሺህ ሰው እየመጣ አንዳንድ እፍኝ ጤፍ ቢወስድ ጎተራው ይራቆታል። ማን አራቆተው ቢባል እያንዳንዱ «እኔማ አንድ እፍኝ ብቻ ነው የወሰድኩት» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ታዲያ ማንም ሳያጎድል ጎተራው ጎደለ? ይህ ሊሆን አይችልም። ስሕተቱ ጉዳትን በዓይን በሚታየው ብቻ መለካታችን ላይ ነው። የእኔ ድርሻ አለመታየቱ ድርሻ የለኝም ማለት አይደለም። ስለዚህ ለአንደኛው ጥያቄ መልሱ ግልጽ ነው፤ አንድ ዓሣ አንድ ዓሣ ያጎድላል፤ አንዳንዴም ከዚያ በላይ።

ሁለተኛው ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። ጋሬት ሃርዲን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ምሁር በ1968 እ.ኤ.አ. ባወጣው ታዋቂ ጽሑፉ ለሁሉም ክፍት የሆነ የግጦሽ መሬትን ምሳሌ አድርጎ ነበር። አንዱ እረኛ አንድ ከብት ሲጨምር ጥቅሙ ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው፤ የሣሩ መጎዳት ግን ለሁሉም ይከፋፈላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ይጨምራል፤ በመጨረሻም ሣሩ ያልቃል። አጎቴ ሃርዲንን አላነበቡም፤ የተናገሩት ግን ይህንኑ ነው። እሳቸው ያቺን ዓሣ ቢመልሷት ማዶ ያለው ሰው ይይዛታል። ሐይቁ ምንም አያተርፍም፤ የእሳቸው ቤት ግን ይጎድላል። ጥቂቶች ብቻ የሚጠብቁት ሕግ፣ ለማይጠብቁት ከጠባቂዎቹ ኪስ የሚከፈል ጉርሻ ነው።

እንግዲህ የእኔ ዋና ሐሳብ ይህ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ዓሣ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ሰው ነው። «ለምን እኔ ብቻ?» ማለት የስስት ቃል አይደለም፤ የፍትሕ ጥያቄ ነው። እኛ የተማርን ነን ባዮች ግን ሁለተኛውን ለጠየቀን ሰው የአንደኛውን መልስ እንሰጠዋለን። ፍትሕ ለጠየቀ ሰው ስለ ዓሣ እንቁላል እናስተምረዋለን። እኔም ጀልባው ላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር።

እስቲ ሐይቁ የማን እንደሆነ እንጠይቅ። በ1957 ዓ.ም. የዚያ ዘመን ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ መፈክሩ አንድ የፍትሕ መሠረት ነበረው፦ ላቡን ያፈሰሰበት ሰው ይገባዋል። ሐይቅ ግን አይታረስም፤ አይዘራበትም። አስጋሪው መረቡን ለመጣል ይደክማል እንጂ ዓሣውን አልፈጠረውም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ጆን ሎክም ሰው ከጋራው ሀብት በድካሙ ያወጣው የራሱ ይሆናል ካለ በኋላ አንድ ገደብ አኑሮለታል፤ ይኸውም ለሌሎች በቂና መልካም የሆነ እስከተረፈ ድረስ ነው። ጠባቡ መረብ የሚያፈርሰው ይህንን ገደብ ነው። «ሌሎች» ሲባል ደግሞ ማዶ ያለው አስጋሪ ብቻ አይደለም፤ ገና ያልተወለደውም ነው። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው።

ሐይቁ የሁሉም ነው እንላለን። ነገር ግን «የሁሉም» እና «የማንም» የሚሉትን ቃላት በአፋችን እንለያቸዋለን እንጂ በሥራችን አንለያቸውም። የሁሉም የሆነ ነገር ሁሉም የሚጠይቅበትና ሁሉም የሚጠየቅበት ነው። የማንም የሆነው ግን ቀድሞ የደረሰ የሚወስደው ነው። ሕግ በወረቀት አለ፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የዓሣውን ዘርና አካባቢውን ለመጠበቅ፣ ከልክ ያለፈ ማስገርንም ለመከላከል የወጣ ነው። ሆኖም ሕጉን ሌላውም እንደሚጠብቀው ካላመንኩ ለእኔ ሕግ ሳይሆን የሞኝ ቀንበር ይሆንብኛል።

ታዲያ ሰው እርስ በርሱ መተማመን ይችላል ወይ? አዎን፣ ይችላል። የሃርዲንን ድምዳሜ በምርምር የሞገተችውና በ2009 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ኤሊኖር ኦስትሮም፣ በ1990 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፏ የቱርክ ከተማ የሆነችውን የአላንያን አስጋሪዎች ታነሣለች። መቶ ያህል ነበሩ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓሣ የሚበዛበትን ቦታ ለመያዝ እስከ መደባደብ ደርሰው ነበር። በኋላ ግን ራሳቸው መከሩ። በየዓመቱ መስከረም ላይ የአስጋሪዎቹና የማስገሪያ ቦታዎቹ ዝርዝር ይወጣል፤ ዕጣ ይጣላል። ከዚያ እያንዳንዱ በየቀኑ አንድ ቦታ ወደ ምሥራቅ ይሻገራል፤ ከጥር በኋላ ደግሞ ወደ ምዕራብ። መልካሙ ቦታ ለሁሉም በተራ ይደርሳል። ተራው የደረሰ ሰው ማለዳ ቦታው ላይ ስለሚገኝ፣ ሌላው ቢያጭበረብር ራሱ ያየዋል። የእነሱ ጠብ የቦታ ነበር፤ የእኛው የመረብ ዓይንና የወቅት ነው። ዕጣው የመለሰው ግን ያንኑ «ለምን እኔ ብቻ?» የሚለውን ጥያቄ ነው።

ከሩቅ አገር ምሳሌ አመጣህ እንዳትሉኝ፣ በአገራችንም የመንዝ ሰዎች የጓሳን ሣር በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቁ ኖረዋል። ሣሩ ለዓመታት ይከለከላል፤ ሲደርስ በአንድነት ይከፈታል። ሥርዓቱ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ቆይቷል። ሣር መጠበቅ ካወቅን ዓሣ መጠበቅ ያቅተናል?

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ «ለራበው ሰው ስለ ነገው ዓሣ ማውራት ጭካኔ አይደለም ወይ?» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው፤ ሸክሙ በአስጋሪው ጫንቃ ላይ ብቻ ከዋለ ጭካኔ ነው። እስቲ ራሳችንን እንመልከት። አሞራ ገደል ሄደን፣ አባ ኮዳዎቹ ትርፍራፊ ሲሻሙ እያየን፣ ፊሌቶውን በአዋዜ የምንበላው እኛ ነን። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ ልተወውና፣ በጾም ወራት ፈላጊው እንደሚበዛ ማንም ያውቃል። ትንሹን ዓሣ የሚገዛ ባይኖር ጠባብ መረብ ማን ይጥላል? ከከተማው ወደ ሐይቁ የሚወርደውን ቆሻሻስ የሚያወርደው አስጋሪው ብቻ ነው? የሚበላም ያሰግራል፤ ልዩነቱ እጁ አለመርጠቡ ብቻ ነው። ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሀምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ዓሣው በሚራባበት ወቅት ዳርቻው ይዘጋ ከተባለ፣ ያ አስጋሪ በእነዚያ ሳምንታት ምን እንደሚበላ የመመለስ ዕዳ የሁላችንም ነው። ይህንን ሳይመልሱ «አታስግር» ማለት ሌላው በሚጾመው ጾም መጽደቅ ነው።

በአጎቴ ላይ ልፈርድ አልችልም። እኔ ራሴ የጠባቡ መረብ ፍሬ ነኝ። ደብተሬ፣ ጫማዬ፣ ይህን ጽሑፍ የምጽፍበት ፊደል ሁሉ ከዚያ ጀልባ የወጣ ነው። ነገር ግን ውለታ መዋል አንድ ነገር ነው፤ ስሕተትን ልክ ነው ማለት ሌላ ነገር። ባለውለታዬን የማከብረው ጥያቄውን በቁም ነገር በመውሰድ እንጂ አዎን አዎን በማለት አይደለም።

ከሐዋሳ ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ነገሩን እንደገና አነሣሁባቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ ይመልሱ አልልም። ግን ሁሉም አስጋሪ ተስማምቶ ሰፊ መረብ ቢይዝ እርስዎ ይይዛሉ?» አልኳቸው። መረባቸውን እየጠገኑ ነበር። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና «ሁሉም ከያዘማ ምን ቸገረኝ! እኔስ ትልቅ ዓሣ እጠላለሁ?» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ «እናንተስ ትንሹን መብላት ትተዋላችሁ?» ብለው ሳቁ።

በማግሥቱ ሁለት የትምህርት ጓደኞቼ ሐይቁን ሊያዩ መጥተው አሞራ ገደል ተቀምጠን ሳለ፣ አንድ ልጅ መዳፍ የማይሞሉ ቆሮሶዎች በገመድ ሰክቶ «ግዙኝ» አለን። ዋጋው እጅግ ርካሽ ነበር። አጎቴ ያሉት ትዝ አለኝና «አንገዛም» አልኩት። ልጁ አልተከራከረም። ወደሚቀጥሉት ተቀማጮች ሄደ፤ እነሱም ገዙት።

ጓደኛዬ «አየህ? ምን ለወጥክ?» አለኝ። በዚያ ገመድ ላይ የነበሩት ዓሦች አልዳኑም፤ ልክ ነው። ነገር ግን ከአሁን በኋላ አጎቴ «ያ ማዶ ያለው ይመልሳታል?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ ከማዶ ካሉት መካከል ቢያንስ ስለ አንዱ መልስ አለኝ። እናንተስ በሚቀጥለው ጊዜ ሐዋሳ ስትወርዱ ምን መልስ ይኖራችኋል?