መሣሪያውን የሚለውጥ ለባለሙያው ምን ዕዳ አለበት?

ሰው በአንድ ሙያ ብዙ ዘመን ሲቆይ መሣሪያው ከእጁ ጋር ይዋሐዳል። ሸማኔው መወርወሪያውን ሳያይ ይወረውራል፤ የጽሕፈት ሠራተኛውም ፊደላቱን ሳይፈልግ ይጽፋል። ይህ ልማድ በአንድ ቀን የሚገኝ ሳይሆን በዓመታት ድካም የሚከማች ሀብት ነው። እንግዲህ መሣሪያውን የሚያመርተው ሌላ ሰው ሲሆን አንድ የኅሊና ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም አምራቹ የገዛ ሥራውን የመለወጥ መብት ቢኖረውም፥ ኑሮአቸውን በዚያ መሣሪያ ላይ ለመሠረቱት ሰዎች ምን ዕዳ አለበት? የሚል ነው። ይህንንም ከአንድ የታወቀ ታሪክ አንጻር ልንመረምረው ወደድን።

አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፋይናል ከት ፕሮ የተሰኘውን የፊልም ማቀናበሪያ ፕሮግራም ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1999 ነበር። የፊልም አቀናባሪ ማለት በካሜራ የተቀረጸውን የብዙ ሰዓት ምስልና ድምፅ መርጦ፥ ቆርጦና ቀጥሎ አንድ ወጥ ታሪክ የሚያደርግ ባለሙያ ነው። ቀድሞ ሥራው እጅግ ውድ መሣሪያዎችን ይጠይቅ ስለ ነበር፥ ይህ ፕሮግራም ለብዙዎች በር ከፈተ። ስመ ጥሩው አቀናባሪ ዋልተር መርች እንኳ በ2003 የታየውን «ኮልድ ማውንቴን» የተባለውን ፊልም ያቀናበረው በእርሱ ነው።

ነገር ግን ኩባንያው ሰኔ 21 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. ፕሮግራሙን ከመሠረቱ ለውጦ፥ ፋይናል ከት ፕሮ ቴን በሚል ስም አወጣው። ምስል፥ ንግግርና ሙዚቃ በየራሳቸው ረድፍ ይደረደሩበት የነበረው ሥርዓት ቀረ፤ በምትኩ ቁርጥራጮቹ እንደ ማግኔት እርስ በርሳቸው የሚሳሳቡበት አዲስ አሠራር ገባ። አዲሱ ፕሮግራም በአሮጌው የተጀመሩ ሥራዎችን መክፈት አይችልም ነበር። በብዙ ካሜራ በአንድ ጊዜ የተቀረጸውን ትርኢት ማቀናበሪያው አልተካተተም። ከዚህም በላይ አሮጌው በዚያው ቀን ከሽያጭ ተነሣ።

የባለሙያዎቹ ቁጣ ፈጥኖ ተቀጣጠለ። በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች አቤቱታ ፈረሙ፤ የኮናን ኦብራየን የቴሌቪዥን ዝግጅት አቀናባሪዎችም በለውጡ የሚሳለቅ አጭር ፊልም ሠሩ። ኩባንያው በዚያው ዓመት መስከረም ላይ አሮጌውን በስልክ ለሚጠይቁ እንደ ገና መሸጥ ጀመረ፤ የብዙ ካሜራው ማቀናበሪያም በጥር 2012 ተመለሰ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ሆነ።

ፍርዳችን ሚዛኑን እንዳይስት በመጀመሪያ የአምራቹን ወገን እንስማ። ለውጥ በራሱ በደል አይደለም። የቀድሞው የፕሮግራሞች ስብስብ 999 ዶላር ሲሸጥ፥ አዲሱ ወደ 300 ዶላር ገደማ ወረደ፤ ይህም ገንዘብ ላነሰው ጀማሪ ቀላል ነገር አይደለም። ነባር ባለሙያዎች ስለ ተመቻቸው ብቻ አዲስ ነገር አይፈጠር ብንል፥ ለቀደሙት አድልተን የሚመጡትን እንበድላለን። ከቁጣው ውስጥም የሙያን ማዕርግ የማስከበር ስሜት እንጂ እውነተኛ ጉዳት ያልነበረበት ክፍል ሊኖር ይችላል። ሥራው ለሁሉ ሲቀልል «የእኛ ድካም ምን ዋጋ አለው?» የሚል ቅናት በማናችንም ልብ ሊያድር ይችላልና።

ይሁን እንጂ አቤቱታው በዚህ ብቻ የሚናቅ አይደለም። ዋልተር መርችን እንመልከት። ይህ ሰው በመቀስና በማጣበቂያ ፊልም ከሚቀጠልበት ዘመን ተነሥቶ ወደ ኮምፒዩተር ተሻግሯል፤ ጥበቡም አብሮት ተሻገረ። ስለዚህ ጥበብ በመሣሪያው ውስጥ እንደማትኖር እንረዳለን። ነገር ግን እርሱ የተሻገረው ራሱ በመረጠው ጊዜ ነው። በ2011 የተቆጡት ግን ግማሽ የደረሰ ሥራ በእጃቸው፥ የማስረከቢያ ቀን የተቆረጠላቸው ሰዎች ነበሩ። ከአዲስ ረዳት ጋር ሥራ ለማስፋት ያሰበም አሮጌውን ፕሮግራም ከገበያ አጣው። በደሉ እንግዲህ አዲስ ነገር መፈጠሩ አይደለም፤ ሌላው ወገን ሳይሻገር ድልድዩ መነሣቱ ነው።

የቀረው ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። በ2019 የታየውና በማግስቱ ዓመት ኦስካርን የተሸለመው «ፓራሳይት» የተባለው የኮሪያ ፊልም የተቀናበረው ከ10 ዓመት በፊት በወጣው በዚያው በአሮጌው ፕሮግራም ነው። አቀናባሪው ያንግ ጂን-ሞም ለቅንብር ሽልማት ታጭቷል። በአንጻሩ ደግሞ በ2015 የታየው «ፎከስ» የተባለው የሆሊውድ ፊልም በአዲሱ ተቀናብሯል። በሁለቱም መንገድ መልካም ሥራ ተሠርቷል። ሆኖም የአሮጌው ዕድሜ በባለሙያዎቹ እጅ አልነበረም፤ በ2017 የወጣው የአፕል ኮምፒዩተሮች ዋና ፕሮግራም አሮጌውን ማስነሣት አቆመ።

ከዚህ የምንማረው ፍርድ ሁለት ገጽ አለው። ባለሙያ የሆንን እንደሆነ መሣሪያችንን ከሙያችን ጋር አናምታታ፤ እጃችን የለመደውን ሁሉ እንደ እውነት አንቁጠር። ሰዎች የሚተዳደሩበትን ነገር የምንሠራ ወይም የምናዝዝ የሆንን እንደሆነ ደግሞ፥ የሸጥነው ዕቃ ብቻ አለመሆኑን እናስብ። ገዢው ዋጋ ከፍሎ ሲወስድ የዓመታት ልማዱንም በእጃችን አደራ አስቀምጧል። አደራ ደግሞ በሕግ ባይጻፍም አደራ ነው። የምንለውጠውን ነገር አስቀድመን መንገር፥ የተጀመረው ሥራ እንዲፈጸም ጊዜ መስጠት፥ ከሁሉም በላይ በዕለት እንጀራቸው የሚነካቸውን ሰዎች ጠይቆ መስማት ይገባናል። አዲሱ ምንም ያህል የተሻለ ቢሆን፥ የተሻለ መሆኑ ብቻ ከዚህ ግዴታ ነጻ አያወጣንም።