ሕግን መፍራትና ሕግን ማክበር

ሰው ሕግን የሚጠብቀው ወይ ቅጣትን ፈርቶ፣ ወይ መልካምነቱን አምኖ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ የሚታወቀው ተመልካች በሌለበት ጊዜ ነው።

የፖሊስ ራዳር የሬዲዮ ሞገድ ልኮ፣ ሞገዱ መኪናውን መትቶ ሲመለስ የመኪናውን ፍጥነት ይለካል። ይህንን ሞገድ ከሩቅ ሰምቶ ነጂውን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያም ተሠርቷል። በአሜሪካ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በዋሽንግተን ከተማና በቨርጂኒያ ግን፣ መሣሪያውን በመኪና ላይ አድርጎ መንዳት ክልክል ነው። በሜሪላንድ በግል መኪናው እንዲይዘው የተፈቀደለት ነጂ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ቨርጂኒያ ሲገባ ሊቀጣበት ይችላል። ደግሞም መሣሪያው ራሱ ደካማ ሞገድ ስለሚያወጣ፣ ፖሊሶች እርሱን የሚያገኙበት ሌላ መሣሪያ አላቸው፤ ሰላዩም ይሰለላል።

ይሁን እንጂ ከመቀጫው የሚበልጥ ጥያቄ አለ። «መሣሪያው ሲጮኽ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ፤ ታዲያ ማንን በደልሁ?» የሚል አይታጣም። በአገራችን ግን ቀድሞ «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው፣ ዳኛም ዘበኛም በሌለበት ሜዳ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። በመሣሪያው የሚታመን ነጂ የሚታዘዘው ለፖሊሱ ዓይን እንጂ ለሕጉ አይደለም፤ ዓይኑ ዘወር ባለ ጊዜ ሕጉም ከእርሱ ዘንድ ይጠፋል።

የፍጥነት ወሰን የተደነገገው ነፍስን ለመጠበቅ ነው። ድንገት መንገድ የሚያቋርጥ ሕፃን ሞገድ አይልክም፤ መሣሪያውም ስለ እርሱ አይጮኽም። ሕፃኑን የሚያድነው ነጂው ማንም ሳያየው የጠበቀው ልክ ነው።