ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ፤ ትርጓሜ ከነሐተታው

ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው፤ አለ ባለምሳሌው። የመጀመሪያውን ትርጓሜ ማንም ያውቀዋል። ልጅ የወለደ ሰው ሳቁን ለራሱ አስቀርቶ ልቅሶውን፣ ሕመሙንና የሌሊት ጩኸቱን ለሌላ ማሳለፍ አይችልም፤ ወደድሁ ካለ የወደደው ሁሉንም ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለም፤ የላይ ቤቱም የታች ቤቱም የትርጓሜ መምህር አንድ ቃል ይሆናል። ነገሩ የሚከብደው ወላጁ የሞተ፣ ያልቻለ ወይም ራሱ በዳይ የሆነ እንደሆነ ነው። ያን ጊዜ ንፍጡን ማን ይጥረገው? መልሱን አስቀድሜ ልናገር፤ ያየ ሰው ይጥረገው። የወለደም ያየም ዕዳ አለበት፣ ዕዳውም በምጽዋት ስም የሚታለፍ አይደለም እላለሁ። የሚቀጥለው ሐተታ ይህን ለማስረዳት ነው።

አንድም፤ «ሲወዱ» አለ እንጂ «ወላጁ ሲወድ» አላለም፤ ባለቤቱን ሳይለይ ተወው። ስለምን ቢሉ፣ በዚህ አገር ልጅን ወላጁ ብቻ አሳድጎት ስለማያውቅ። አብነቱ የቆሎ ተማሪ ነው። ገና ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ደበሎውን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከማያውቀው ሰው ደጅ ሲቆም፣ የጎጃምና የጎንደር ባላገር ዘሩን ሳይቆጥር ቁራሽ ሲሰጠው ኖሯል። ይህን ስል ያን ኑሮ ማሳመሬ አይደለም፤ ብርዱም፣ የውሻው ንክሻም፣ የየኔታ አለንጋም ነበረበት። ግን የትምህርት ቤቱ ሥርዓት የቆመው የሰው ልጅ የእኔም ነው በሚል ሕዝብ ላይ እንደነበር አይካድም። የክርስትና አባትና እናት፣ የጡት ልጅነት፣ በኦሮሞ ዘንድ ጉዲፈቻ፣ ሁሉም የዚህ ወገን ናቸው። ፍርድ ቤትም ወደዚሁ መጥቷል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 በ2000 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ልጁን ባሳደገችው አክስትና ዘግይቶ ልጄን ስጡኝ ባለው አባት መካከል የተነሣውን ክርክር መርምሮ የሥር ፍርድ ቤቶችን ፍርድ ሽሯል፤ ልጁም ካሳደገችው ጋር እንዲኖር ወስኗል። የሕገ መንግሥቱን 36ኛ አንቀጽና የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ጠቅሶ፣ ከአባትነት መብት በፊት የሚታየው የልጁ ጥቅም ነው አለ። ለአባት በወጉ መሠረት የተሰጠው ሥልጣን በልጁ ደኅንነት ሚዛን ተመዘነ ማለት ነው። ከዚያ ዐሥር ዓመት ቆይቶ፣ በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከለከለ። ብዙ ሰው ደስ አለው፤ ለደስታው ምክንያት ነበረው። ነገር ግን ልጆቻችንን ለባዕድ አንሰጥም ማለት እኛ እናሳድጋቸዋለን ብሎ ፊርማ ማኖር ነው። ፊርማውን ያኖረው ምክር ቤቱ ቢሆንም ዕዳው የወደቀው በየቀበሌው ነዋሪ ላይ ነው።

አንድም፤ ንፍጥ ያለው የሚያስጠላውን ነው። በመብራት ማቆሚያ ላይ መስታወት የሚያንኳኳው ልጅ የስድስት ዓመት እያለ ያሳዝናል፤ ዐሥራ ሁለት ሲሞላውና ማስቲሹን በፕላስቲክ ሲስብ ግን ያው ሰው ያው መንገድ ላይ መስታወቱን ይዘጋበታል። ያደረገው ማደግ ብቻ ነው። የወንጀል ሕጋችን ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም፣ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አምስት ያለውንም በልዩ ሥርዓት ያያል፤ መንገደኛው ግን «ሌባ» ብሎ ሲጮህ ዕድሜ አይጠይቅም። የሚያምረውን ልጅ መውደድ ቀላል ስለሆነ ባለምሳሌው ንፍጡን አነሣ።

አንድም፤ ንፍጥ ያለው ገመናን ነው፤ ሐተታው የሚረዝመውም እዚህ ላይ ነው። ከገጠር «ላስተምራት» ተብላ ወደ ከተማ የመጣች የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ እናስብ፤ እንዲህ ያለች ልጅ የሌለችበት ሰፈር ጥቂት ነው። ጎረቤት ምን ያያል? ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሃያ ሊትር ጀሪካን ተሸክማ ከቦኖ ስትመለስ ያያል። በመጀመሪያው መስከረም የተገዛላት ዩኒፎርም በሁለተኛው ዓመት ወለል ሲወለወልበት ያያል። ክንዷ ላይ ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ ያያል፤ ሲጠይቃት «ዘይት ፈናጠረብኝ» ትለዋለች፤ ዘይት ግን እንደዚያ በሰልፍ አይፈናጠርም። አሠሪዋን ቢጠይቅ «እንደ ልጄ ነው የማያት» ትለዋለች፤ የራሷ ልጆች በዚያ ሰዓት ተኝተዋል። ደመወዟ፣ ካለ፣ ከደላላው ወይም ካመጣት ዘመድ እጅ ይገባል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ በሰው ቤት ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን ግን ከራሱ ወሰን ያስወጣል። ስለዚህ ፋብሪካ ውስጥ ብትገኝ ተቆጣጣሪ የሚደርስላት ልጅ ከማድ ቤቱ ከገባች ተቆጣጣሪዋ ጎረቤት ብቻ ነው። ሕጉ ያላየውን ቦታ የሚያይ ሌላ ሰው የለም። ጎረቤት ዝም ካለ ማንም አላየም ማለት ነው።

የሰው ገመና መሸፈን ወግ አይደለም ወይ ቢሉ፣ አዎን ወግ ነው፤ ደግ ወግ። የባልና የሚስት ጠብ፣ የደኸየ ቤት ባዶ ሌማት፣ የታመመ ሰው ምስጢር ይሸፈናል። ሲሸፈን የሚጠቅመው ባለገመናውን ራሱን ነውና። የልጅ መደብደብ ግን የልጅቷ ገመና አይደለም፤ የደብዳቢው ነው፤ መሸፈኛውን ያነሳነው ከርሷ ላይ፣ የደረብነው ከርሱ ላይ ነው። ወጉ ለተጎዳው ተሠርቶ ለጎጂው ሲውል ወግነቱ ይቀራል።

ልጅ በቅጣት ያድጋል ቢሉ፣ የወንጀል ሕጉ 576ኛ አንቀጽ ራሱ ወላጅ ለመልካም አስተዳደግ ሲል ሕጉን ሳይተላለፍ የሚያደርገውን ተግሣጽ አይቀጣም። እኔ በበኩሌ ያ በር ከሚገባው በላይ ሰፍቷል ባይ ነኝ። ሆኖም በሩ እንደተከፈተ እንቀበልና፣ ያው አንቀጽ ልጅን ማሰቃየትን፣ ቸል ማለትን፣ ከዐቅም በላይ ማሠራትን በወንጀልነት ይቆጥራል። በእሳት መተኮስን ተግሣጽ የሚለው ሰው ከሕጉም ከአባቶቹም ጋር ይጣላል። በሐሰት ሰው ብወነጅልስ ቢሉ፣ የጎረቤት ሥራ መፍረድ ሳይሆን ያየውን መናገር ነው፤ ማጣራቱ የፖሊስ፣ መፍረዱ የዳኛ ነው። ጠባሳ አየሁ ያለ ሰው እገሌ ተኮሳት አላለም።

ከተናገርሁ በኋላ ወዴት ትሄዳለች ቢሉ፣ ይህ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ነው፤ አቃልዬ አልመልሰውም። መጠለያው ጥቂት ነው፤ ወደ መጣችበት መንደር ብትመለስ ያስለቀቃት ድህነት እዚያው ቆይቷታል፤ አንዳንዷ ከአንዱ ማድ ቤት ወጥታ በዚያው ደላላ እጅ ከሌላው ትገባለች። ስለዚህ መናገር ብቻውን አያድናትም፤ እስማማለሁ። ነገር ግን ያልተነገረላት ልጅ በማንም መዝገብ ላይ የለችም፤ መዝገብ ላይ ለሌለ ልጅ ደግሞ በጀት የሚጠይቅ ቢሮ፣ መጠለያ የሚያሰፋ ከተማ፣ ደላላውን የሚከስ ዐቃቤ ሕግ አይነሣም። መጠለያ ስለሌለ አልናገርም የሚል ሰው መጠለያው እንዳይኖር ያደርጋል። ዛሬ ለአንዷ የሚደርሰው ጥቂት ቢሆንም፣ ለሚቀጥሉት የሚሠራው ከዚያ ጥቂት ነው የሚጀምረው።

አንድም፤ ንፍጥ ያለው የልጅን አነጋገር ነው። የተጎዳ ልጅ እንደ ጠበቃ አይናገርም። ማክሰኞ ያለውን ነገ ሐሙስ ይለዋል፤ ዋናውን ትቶ የጠፋበትን ጫማ ያወራል፤ በመካከሉ ይስቃል። ትልቅ ሰው ይህን ሰምቶ «ልጅ ምን ያውቃል» ብሎ ይነሣል። መርማሪዎችና ዳኞች ይህን ስላወቁ፣ ልጅ ከበዳዩ ፊት ሳይቆም በሌላ ክፍል ሆኖ በቪዲዮ የሚመሰክርበት ችሎት በፌዴራል ፍርድ ቤት ተደራጅቷል። ፍርድ ቤት የልጅን ቃል ከነዝብርቅርቁ ለመስማት ክፍል ሲሠራ፣ እናትና አጎት፣ መምህርና ጎረቤት አንድ ሰዓት ቁጭ ብለው አለመስማታቸው ምክንያት የለውም። ልጆችን ስንሰማ የሚሆነውን ደግሞ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በአርሲ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን ገድላ በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። የአካባቢው ባህል ያገባታል ይል ነበር፤ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ጠላፊ የጠለፋትን በሕግ ካገባት ከቅጣት ነፃ ያደርገው ነበር። በመዓዛ አሸናፊ ይመራ የነበረው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያን ነፃ የማውጫ በር ዘጋው። ታሪኩ ኋላ «ድፍረት» በተባለው ፊልም ለዓለም ታየ። በዚያ ዳኝነት ውስጥ የልጅቷን ቃል ከነመንቀጥቀጡ የሰማ ሰው ባይኖር ኖሮ፣ የሚነገረን የአንድ ገበሬ መገደል ብቻ ነበር።

ይህ አልፏል የሚል ቢኖር፣ እ.ኤ.አ. የ2016ቱን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይመልከት፤ ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉት ሴቶች ከመቶ 40ዎቹ 18 ሳይሞላቸው ተድረዋል፤ የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ 18 ካደረገ ዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ። እነዚህ ሠርጎች በድብቅ የተደረጉ አይደሉም። ድንኳን ተተክሎ፣ ጠላ ተጠምቆ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ጎረቤት ተጠርቶ ነው። ጠሪውም ተጠሪውም አይቷል።

እንግዲህ ሕጉ ያየ ሰውን ምን ይለዋል ቢሉ፣ የሚያስገድደው ጥቂት፣ የሚፈቅድለት ብዙ ነው። የወንጀል ሕጉ አላሳወቅህም ብሎ የሚቀጣው በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት የሚያስቀጡ ወንጀሎችን አውቆ ዝም ያለውን ነው፤ የልጅ ድብደባ፣ ከዐቅም በላይ ማሠራትና ያለዕድሜ ጋብቻ ከዚያ ወሰን በታች ናቸው። እኔ ቢያንስ መምህርና የጤና ባለሙያ ያዩትን የማሳወቅ ግዴታ ሊጣልባቸው ይገባል እላለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በ11ኛ አንቀጹ፣ ማንኛውም ሰው ድርጊቱን በዓይኑ ባያይ እንኳ ወንጀል ተፈጽሟል ብሎ የማመልከት መብት እንዳለው ደንግጓል። ዝምድና አይጠይቅም፤ ጠበቃም አያስፈልገውም። አንባቢ ሆይ፣ ከቤትህ አጥር ማዶ የምታውቃት ልጅ ካለች፣ ነገ በቀበሌህ ወይም በቅርብ ባለው ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ ያየኸውን ተናገር፤ ቃልህ በመዝገብ መጻፉንም ሳታረጋግጥ አትመለስ።